ባትሪውን አስልቼ እጄን ረሳሁ

ባለፈው ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሸርሊንግተን ተነስቼ በደብልዩ ኤንድ ኦዲ መንገድ እስከ ሊስበርግ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ሄጄ ተመለስኩ። መንገዱ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረበት ነው፤ ደርሶ መልሱ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጭንቀቴ ሁሉ ባትሪው ነበር። 500 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሊስበርግ ስደርስ 200 ቀርቶታል። ለቀሪው 55 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር 3.6 ገደማ ነው፤ ስሄድ ግን 5.5 ያህል ፈጅቻለሁ። ምሳ እስክበላ አንድ ሰዓት ሰክቼው 80 ያህል ጨመርኩ። ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱ ይበዛል። በቃኝ።

ያላሰላሁት እጄን ነው። ሄርንደን አካባቢ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ደነዘዙ። ሰኞ ሆስፒታል ልምምድ አለብኝ፤ በደነዘዘ እጅ መርፌ ልይዝ ነው?

ቤት ስገባ እናቴ «ደምሽ አልዘዋወር ብሎ ነው፣ ነይ ላሽልሽ» አለችኝ። ብዙዎቻችን እንዲህ እናስባለን። ጥፍሬን ተጭኜ ለቀቅሁት፤ ነጣ ብሎ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ መልሶ ቀላ። ጣቶቼም ሞቃት ናቸው። ስለዚህ ደም ሳይሆን ነርቭ ነው። አልናር የሚባለው ነርቭ በመዳፍ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ጋዮን በተባለ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ የሚሰማቸው በእሱ ነው። ወደ እጅ ጀርባ የሚሄደው ቅርንጫፍ ግን ከአንጓው በፊት ይለያል። የእጄ ጀርባ ስላልደነዘዘ የተጫነው መዳፌ ላይ ነው፤ ጀርባውም ቢደነዝዝ ኖሮ ክርኔን እጠረጥር ነበር።

የሚገርመው ጥፋቱ የሞተሩም መሆኑ ነው። በተራ ብስክሌት ፔዳሉን አጥብቀን ስንረግጥ እግራችን የሰውነታችንን ክብደት ይጋራል። ሞተሩ ሲያግዝ እግር ይቀልለዋል፣ ክብደቱ ወደ ኮርቻውና ወደ እጅ ይዞራል። በዚያ ላይ ስለማይደክመን አንወርድም።

ሌላም ፈተና አለ፦ ወረቀት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጎን መሃል ያዙና ጓደኛ ይሳበው። ወረቀቱ እንዳያመልጥ የአውራ ጣታችሁ ጫፍ ከታጠፈ ጡንቻው ደክሟል፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ድንዛዜው ቀናት ከቆየም እንዲሁ። ያለዚያ የእጅ አያያዝን ቶሎ ቶሎ መቀያየር፣ አንጓን አለማጠፍ፣ ኮርቻው ወደ ፊት እንዳያዘነብል ማስተካከል ነው።

የኔ እሁድ ማታ ለቀቀኝ። መሪውንም ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌዋለሁ። እናቴ ግን «ያዳነሽ የኔ ማሸት ነው» ብላ ድርቅ ብላለች።