የቲምን ከማስረከብ በፊት፦ አሳዳጊን ስለ ማጣራት

 

የቲምን የሚንከባከብ ሰው በጀነት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ የሚያበስረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛም እርዳታ ስንጠይቅ ደጋግመን እናነሳዋለን። ከእርሱ ባነሰ የሚወሳው ኢማም ሙስሊም የዘገቡት የአቡ ዘር (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር ለራሳቸው የሚወዱትን እንደሚወዱለት ነግረውት፣ ደካማ ሆኖ ስላዩት ግን በሁለት ሰዎች ላይ እንኳ እንዳይሾም፣ የየቲምንም ንብረት እንዳይረከብ መከሩት። አቡ ዘር በእውነተኛነቱና በዙህዱ የታወቀ ሰሐባ ነው። ደግ መሆንና የየቲምን አማና መሸከም መቻል የተለያዩ መሆናቸው ከዚህ ይታያል። «የቲም ላሳድግ» ብሎ የመጣን ሙስሊም መመርመር እርሱን መድፈር ነው የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ሐዲስ ያስተውሉ።

ጉዳዩን አሁን የምናነሳው በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ አኗኗራችን ስለተለወጠ ነው። የሰፈር ሰው በዕድርና በመስጊድ ለዓመታት ሲተዋወቅ የአሳዳጊው ጠባይ ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር። በሰሚት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ግን ብዙው ነዋሪ በዕጣ የደረሰው ወይም ተከራይ ነው፤ ጎረቤቱን የሚያውቀው ደረጃ ላይ ሰላምታ ሲለዋወጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ሦስት ጎረቤቶች ፈርመውለታል ማለት ምን ዋጋ አለው?

ዑመር (ረ.ዐ) ስለ ሌላው መልካምነት የመሰከረን ሰው ጎረቤቱ እንደሆነ፣ አብሮት እንደተጓዘ፣ በገንዘብ እንደተገበያየው መጠየቃቸው ተዘግቧል። ሰውየው ለሦስቱም አይደለም ባለ ጊዜ፣ መስጊድ ሲሰግድ አይቶት ይሆናል እንጂ እንደማያውቀው ነገሩት። እኛም ከዚህ የተሻለ መጠይቅ የለንም። ጎረቤት ስንል ግድግዳ የሚጋራውን ነው። የገንዘቡን ነገር ባለ ሱቁና አከራዩ ያውቁታል። የጉዞ ጓደኛን የሚተካው ደግሞ ቀድሞ በዚያ ቤት ያገለገለች ሠራተኛ ነች፤ ቀንም ሌሊትም አብራ ኖራለችና። ሠራተኛ በየወሩ የሚለዋወጥበትን ቤት ምክንያቱን ሳንረዳ ልጅ አንሰጥም።

የፌዴራል ፖሊስ በጣት አሻራ አጣርቶ የሚሰጠው ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ አስፈላጊ ነው። ሆኖም የሚናገረው ለፖሊስ ስለደረሰው ነገር ብቻ ነው። በልጅ ላይ የሚደርስ በደል ብዙውን ጊዜ ከበር አይወጣም። በተለይ የምንሠጋው በአሳዳጊ ስም ሠራተኛ የሚፈልገውን ነው። ሕፃን የተወለደለት ቤተሰብ ዕድሜዋ ከ10 እስከ 12 የሆነች ሴት ልጅ ብቻ ሲጠይቅ፣ የራሱን ልጆች ቀን እያስተማረ ለየቲሟ የማታ ትምህርት ሲያስብላት፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤት ከሆነ የት እንደምትተኛ፣ በቤቱ መሕረሟ ያልሆነ ጎልማሳ መኖሩም ይጠየቃል።

አንዳንዶች ይህ ሰላይነት ነው ይላሉ። ሰላይነትን የከለከለችው ሱረቱ አል-ሑጁራት ወሬን አጣሩ ብላ ያዘዘችም ነች። ልዩነቱ ምርመራው በአመልካቹ ዕውቀትና ፈቃድ መደረጉ፣ ከልጁ ደኅንነት የማያልፍ መሆኑና መዝገቡ በምስጢር መጠበቁ ነው።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። እ.ኢ.አ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ እንደማይጸና፣ ፍርድ ቤቱም የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ማረጋገጥ እንዳለበት ይደነግጋል። የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በ2001 ያወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ የአደራ ቤተሰብን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎታል። ኢትዮጵያ በ1983 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ20ኛው አንቀጹ የእስልምናን ከፋላ በስሙ ይጠራዋል። በከፋላ ልጁ የአባቱን ስም አይለቅም።

አጎትና አክስትም ከማጣራቱ ነጻ አይደሉም። እንዲያውም ውርሱ ያለው ብዙውን ጊዜ በዘመድ እጅ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የየቲም ንብረት ሲመለስለት ምስክር እንዲቆም አዟል። ሲመለስ ለመመስከር ሲረከቡ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ቤቱ፣ ገንዘቡ፣ የእናት ወርቅ ሳይቀር። የሞግዚትነትና የውርስ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል።

ልጁ ከሄደ በኋላስ? በ2003 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከአገራችን በጉዲፈቻ የተወሰደች ልጅ በአሳዳጊዎቿ ግቢ በብርድ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ፓርላማችን በ2010 የውጭ ጉዲፈቻን ሲከለክል እንዲህ ያሉ በደሎች ይጠቀሱ ነበር። የዚያች ልጅ ጉዲፈቻ በሕግ የተፈጸመ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሳያስታውቁ መጎብኘት፣ ልጁንም ከቤቱ ውጭ ለብቻው፣ ሴት ልጅ ከሆነች በሴት በኩል፣ ማነጋገር ያስፈልጋል። በልቶ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደበላም ይጠየቅ።