ፎርሙን ሳትዘጊው

ቆይ፣ አትዝጊው። የሃንደሳኢውን፣ የተግባር መሐንዲስ ኮርሱን፣ መመዝገቢያ ሦስት ጊዜ ከፍተሽ ሦስት ጊዜ ስትዘጊው ከኋላሽ ቆሜ አይቻለሁ። ሽሮው ይንተክተክ፤ ወንበር ሳቢልኝ።

«ዲግሪ አይደለማ!» አልሽኝ። መጋዘን ፈረቃ እየደረብሽ አምስቱን ዓመት ብትጠብቂ ፒካዶኑን፣ ከውትድርና ስትወጪ የተቀመጠልሽን ገንዘብ፣ ለመኪና ይለቁልሻል፤ እውነትሽን ነው። ለትምህርት ግን ዛሬም ያንቺ ነው።

እኔ መጋዘን የገባሁት በ21 ዓመቴ፣ በኮአኽ አዳም ኩባንያ በኩል ነበር። ቃሉን ልብ ብለሽዋል? «የሰው ኃይል» ማለት እኮ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይነጋ እዚሁ ሰፈራችን ኤይን ሀትኽሌት መንገድ ዳር ከእናቶቻችን ጋር የሠራተኛ ማመላለሻውን፣ ሀሳዓውን፣ ጠበቅሁ። ኃይሌን ወሰዱት፤ ያሳደገው ግን የለም። ማሽኑ ሲበላሽ ከውጭ ባለሙያ ይመጣል፣ እኛ ካርቶን ላይ ተቀምጠን እናየዋለን። እጁን አይ ነበር። ከእኔ እጅ በምን ይለያል? የት እንደሚነካ ተምሯል፣ በቃ።

ወንድ አያታችን ጎንደር ገጠር አንጥረኛ ነበሩ። በዚያ አካባቢ ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው ከእሳቸው እሳት ያልወጣ ገበሬ አልነበረም። ሴት አያታችን ምጣድና እንስራ ይሠሩ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ማረሻ ለማሾል ደጃቸው የሚቆመው ሰው፣ ዞር ሲል «ቡዳ» ይላቸዋል። የብዙ ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ነው። እርሻው የቆመበትን እጅ የናቀ አገር ስንት ልጅ ከሙያ እንዳሸሸ አስቢ። ወንድ አያታችን በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሲመጡ ደግሞ ፎርሙ ላይ «ሙያ» የሚለው ቦታ ባዶ ቀረ። አንጥረኛ መሆናቸውን መናገር አፍረው ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንቺም «ዲግሪ አይደለም» ስትይ ያ እፍረት ነው የሚሰማኝ።

ያለ ዲግሪም ሙያ ስንት እንደሚሠራ እዪ፤ እዚያው ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶችን አንድ ዓመት አሠልጥነው በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት መደቡ። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ዶክተሮች አይደሉም። ክትባቱን፣ የነፍሰ ጡር ክትትሉን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ነገር በየደጁ እየዞሩ ያደረሱት ግን እነሱ ናቸው። ሐኪም እስኪደርስ ቢባል የገጠር እናት ገና ትጠብቅ ነበር።

ዘርፉ ኤሌክትሪክ ካልሆነ ብዬ አልጫንሽም፤ ውኃም ይሁን ማሽን አንቺ ምረጪ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ግን ኮሌጁ ማሀት የሚባለው የመንግሥት ተቋም የሚያውቀው መሆኑን ጠይቂ፤ ፈተናውን የሚፈትነው እሱ ነው። ቤተ ሙከራውን በዓይንሽ እዪ፤ መሣሪያው አቧራ ከጠጣ ሌላ ቦታ ሂጂ። ሒሳብሽ ከደከመ መሰናዶው፣ መኺናው፣ ግቢ፣ ምንም አያሳፍርም። ዲግሪም ከፈለግሽ በኋላ ትቀጥያለሽ፤ ከተማርሽው የሚቆጥሩልሽ ኮሌጆች አሉ። መጋዘኑን ቀንሺው እንጂ ጨርሰሽ አትተዪው፤ የሌሊት ፈረቃ ግን አይሆንም፣ ክፍል ውስጥ ታንቀላፊያለሽ።

እማን ማሳመኑን ለእኔ ተዪው። አንቺ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የባግሩት ወረቀትሽን ፈልጊ፤ ሳሎን ቁምሳጥኑ ውስጥ ከአያታችን መዶሻ ሥር ነው ያለው።