ቦይለርን በሌሊት መብራት ማሞቅ፦ ለባሕር ዳር ቤቶች

ጢስ ዓባይ ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የጣናን ውኃ ወደ በለስ የሚያወርደው 460 ሜጋ ዋት ጣቢያም እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ አለ። የኃይሉ ምንጭ ደጃችን ሆኖ እንኳ፣ ማታ የሰፈሩ ትራንስፎርመር የየቤቱን ምድጃ፣ ምጣድና ቦይለር በአንድ ጊዜ ሲሸከም ቮልቴጁ ይወርዳል። በ220 ቮልት 1500 ዋት የሚሰጥ ቦይለር 180 ቮልት ብቻ ሲደርሰው ጉልበቱ ወደ 1000 ዋት ግድም ይወርዳል። ቀድሞ በ2 ሰዓት ተኩል የሚሞቅ ውኃ አራት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፤ የጎረቤትም መብራት አብሮ ይደክማል።

እንግሊዞች ለሌሊት መብራት ርካሽ ታሪፍ ስላላቸው በሌሊት ጡብ አሙቀው ቀን ቤታቸውን ያሞቁበታል። የኛ የመኖሪያ ቤት ሂሳብ የሚሰላው በወር በተፈጀው ኪሎ ዋት ሰዓት እርከን ስለሆነ፣ ሌሊት ማሞቅ በራሱ ብር አይቀንስም። ጥቅሙ ሙሉ ቮልቴጅ ማግኘት፣ የማታውን ሸክም ማቃለልና ጠዋት መብራት ቢጠፋም ሙቅ ውኃ ማግኘት ነው። ባሕር ዳር ላይ ሙቀት ማጠራቀም የሚያስፈልገው ለክፍል ሳይሆን ለገላ መታጠቢያ ነውና ጡቡን ትተን ውኃውን እንያዝ።

ደረጃ 1፦ ሒሳቡን ሥሩ። 80 ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 3.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይፈጃል። 1500 ዋት ቦይለር ይህን በ2 ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል፤ አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ጨምሩበት። ቴርሞስታቱን ከ60 በታች አታድርጉት፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል።

ደረጃ 2፦ ኧርዙን አስተካክሉ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኸ ነው። ገመዱ እስከ ቦይለሩ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ግን የትም ያልታሰረበት ቤት ብዙ ነው፤ ሻወር ሥር ኮረንቲ ሰው የሚይዘውም እንዲህ ባለ ቤት ነው። በሐይቁ ዳር ያለው እርጥብ ጥቁር አፈር ለኧርዝ ዘንግ ይመቻል። ከዳር ሲርቅ ግን ጥቁር ድንጋዩ ቶሎ ስለሚገኝ ዘንጉ ግማሽ ሜትር ሳይገባ ይቆማል። ያኔ ቆርጦ መተው አይደለም መፍትሔው፤ ቦታ ቀይሮ ሌላ ዘንግ መምታትና ሁለቱን ማያያዝ፣ ከዚያም በኧርዝ ቴስተር መለካት ነው።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን ግዙ። 2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር የመዳብ ገመድ፣ ፌዝንም ኒውትራልንም የሚቆርጥ 16 አምፔር ብሬከር፣ 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር፣ ኮይሉ 220 ቮልት የሆነ 25 አምፔር ኮንታክተር፣ እና ታይመር። ታይመሩ ውስጡ ባትሪ ያለው ይሁን። ባትሪ የሌለው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ በሳምንት ውስጥ ሌሊት ሊያበራ የታዘዘው ማታ ሊያበራ ይችላል።

ደረጃ 4፦ መሥመሩን ዘርጉ። ይህን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይሥራው፤ እናንተ ግን ቅደም ተከተሉን እወቁ። ዋናው ብሬከር ይውረድ፤ መብራት አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጥ። የገመድ ቀለም አትመኑ። ከቦርዱ ለቦይለሩ ብቻ የሚሆን መሥመር ይወጣል፤ ከሶኬት ጋር አይጋራም። መሥመሩ በብሬከሩ፣ በኧርዝ ሊኬጁ፣ ከዚያም በኮንታክተሩ አልፎ ቦይለሩ ይደርሳል። ታይመሩ ከኮንታክተሩ በፊት ፌዝና ኒውትራል ሁልጊዜ ያገኛል፤ የሚያወጣው ፌዝ የኮንታክተሩን ኮይል ብቻ ያንቀሳቅሳል። የቦይለሩ ሙሉ ጭነት በታይመሩ ውስጥ ካለፈ ነጥቦቹ ቶሎ ይቃጠላሉ። ቢጫና አረንጓዴው የኧርዝ ገመድ ምንም ማብሪያ ማጥፊያ ሳያቋርጠው በቀጥታ ይሄዳል። ሌሊት መብራት ሳይኖር ካደረ ቀን በእጅ የምታበሩበት ማብሪያ ከታይመሩ ጎን ይጨመር።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ሙሉ። ታይመሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል እንዲሠራ ከፈለጋችሁ 01:00 እና 04:30 ብላችሁ ሙሉ። 07:00 ብሎ የሞላ ሰው ቦይለሩ የሚነሣው ቤተሰቡ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ነው።

ደረጃ 6፦ ከማብራታችሁ በፊት የሙቅ ውኃ ቧንቧውን ክፈቱ። አየሩ ወጥቶ ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ጠብቁ፤ ሮቶው ባዶ ከሆነ አታብሩ። ውኃ የሌለበት ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ሴፍቲ ቫልቩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ሥራው ስለሆነ በምንም አትድፈኑት።

በመጨረሻ የኧርዝ ሊኬጁን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ፤ ወዲያው መውረድ አለበት። ይህን በየወሩ ድገሙት፤ አልወርድ ካለ እስኪቀየር ቦይለሩን አታብሩ።