ተጫዋች ያልፋል፣ ቡድን ይቀጥላል፦ የዩሲኤልኤ የወንዶች መረብ ኳስ ቡድን ታሪክ

መረብ ኳስ፣ ብዙዎቻችን ቮሊቦል የምንለው፣ ብዙ ወጪ ከማይጠይቁ የትምህርት ቤት ጨዋታዎች አንዱ ነው። ሁለት ምሰሶ፣ አንድ መረብና አንድ ኳስ ከተገኘ ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ። ነገር ግን የትምህርት ቤት ቡድን ሁሉ አንድ ችግር አለበት፤ ጎበዞቹ ተጫዋቾች ተመርቀው ሲሄዱ ቡድኑም አብሮ ይፈርሳል። የዩኒቨርሲቲ ቡድንም ከዚህ አያመልጥም፤ አንድ ተጫዋች የሚቆየው አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ታዲያ አንዳንድ ቡድኖች ለስልሳ ዓመት ጠንክረው የሚቆዩት እንዴት ነው? መልሱን በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭር ስሙ ዩሲኤልኤ፣ የወንዶች ቡድን ታሪክ እንፈልግ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው መነሻ

መረብ ኳስን በ1895 የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን ነው። ሞርጋን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሆልዮክ ከተማ የወወክማ ስፖርት ኃላፊ ነበር። ቅርጫት ኳስ በዕድሜ ጠና ላሉት አባላት ስለከበደ፣ መጋፋትና መላተም የሌለበት ጨዋታ አሰበ። መጀመሪያ ስሙን ሚንቶኔት አለው፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የዛሬው ስሙ ወጣለት። ጨዋታው በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ውስጥ ገባ።

ቀን አስተማሪ፣ ከሥራ በኋላ አሠልጣኝ

በ1963 አል ስኬትስ የዩሲኤልኤን ቡድን ማሠልጠን ጀመረ። ስኬትስ ራሱ በዚያው ቡድን የተጫወተ ነበር። በዚያን ጊዜ የወንዶች መረብ ኳስ ገንዘብም ብዙ ተመልካችም አልነበረውም። ስለዚህ ስኬትስ ለብዙ ዓመታት መተዳደሪያው በቤቨርሊ ሂልስ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ማስተማር ነበር። ሕፃናቱን አስተምሮ ሲጨርስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዶ ወጣቶቹን ያሠለጥናል።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር የመጀመሪያውን የወንዶች መረብ ኳስ ሻምፒዮና ያዘጋጀው በ1970 ነው። አራት ቡድኖች በዩሲኤልኤ አዳራሽ ተገናኙ፤ ዩሲኤልኤም በፍጻሜው ሎንግ ቢች ስቴትን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ዋንጫዎች ስድስቱ የእርሱ ሆኑ። በመካከል የ1973ቱን የወሰደው ሳን ዲዬጎ ስቴት ነበር።

የነጥብ አቆጣጠሩ በዚያ ዘመን ከዛሬው ይለይ እንደነበር ልብ እንበል። ነጥብ ማግኘት የሚችለው ሰርቭ ያደረገው ቡድን ብቻ ነበር፤ አንዱ ዙርም በ15 ነጥብ ያልቃል። ተቀባዩ ቡድን ቢያሸንፍ የሚያገኘው ሰርቭ የማድረግ ተራ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ኳስ በወደቀ ቁጥር አንዱ ወገን ነጥብ ያገኛል፤ ዙሩ እስከ 25፣ አምስተኛው ዙር ደግሞ እስከ 15 ይሄዳል።

የስደተኛው ልጅ

ከቡድኑ ተጫዋቾች ሁሉ ስሙ የገነነው ካርች ኪራይ ነው። አባቱ ላስሎ በሃንጋሪ የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ሲሆን ከ1956ቱ አብዮት በኋላ አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሰው ነበር። በአሜሪካ ተምሮ ሐኪም ሆነ። ልጁን ገና በስድስት ዓመቱ ጨዋታውን አስተማረው፤ በ11 ዓመቱም አባትና ልጅ አንድ ላይ ሆነው በባሕር ዳርቻ ውድድር ተሰለፉ። አባት ከአገሩ ይዞት የመጣው ዕውቀት በባዕድ አገር ለልጁ ውርስ ሆነ።

ካርች ከ1979 እስከ 1982 ለዩሲኤልኤ ሲጫወት ቡድኑ ካደረጋቸው 128 ጨዋታዎች የተሸነፈው በ5ቱ ብቻ ነው። በ1979፣ በ1981 እና በ1982 ዋንጫውን አነሡ። ከሜዳ ውጭ ደግሞ ባዮኬሚስትሪ አጥንቶ በማዕረግ ተመረቀ። በኋላም በ1984 እና በ1988 ኦሎምፒክ በመረብ ኳስ፣ በ1996 ደግሞ በባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ወርቅ አገኘ።

ካርች ሲሄድ ቡድኑ ወደቀን? አልወደቀም። በ1983 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1984ም 38 ጨዋታ አድርጎ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫውን ደገመ።

የገንዘብ እጥረትና የ2006ቱ ትግል

በ1972 በአሜሪካ የወጣው ሕግ ሴት ተማሪዎች በትምህርት ቤት ስፖርት እኩል ዕድል እንዲያገኙ አዘዘ። ይህ ለብዙ ሴቶች በር የከፈተ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለወንዶች የመደቡትን ገንዘብ አብዛኛውን ለአሜሪካን ፉትቦል ስላዋሉት ትንንሾቹ የወንዶች ስፖርቶች ተጎዱ። ለረጅም ዓመታት አንድ የወንዶች መረብ ኳስ ቡድን መስጠት የሚችለው አራት ተኩል ሙሉ የትምህርት ወጪ ድጋፍ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ለብዙ ተጫዋቾች ማካፈል ግድ ነው። በ1973 ሻምፒዮን የነበረው የሳን ዲዬጎ ስቴት ቡድን እንኳ በኋላ ተዘግቷል። ዋንጫ ብቻውን ቡድንን አያኖርም ማለት ነው።

ዩሲኤልኤም የፈተና ዘመን አልቀረለትም። በ2006 የውድድሩ ዘመን ከተጋመሰ በኋላ 12 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ነበር። ብዙ ቡድን በዚህ ጊዜ ተስፋ ይቆርጣል። እነርሱ ግን ተከታታይ 14 ጨዋታ አሸንፈው፣ ፔን ስቴትን በገዛ ሜዳው ረትተው ሻምፒዮን ሆኑ። ይህ ለስኬትስ 19ኛው ዋንጫ ነበር። በ2012 ሥራውን ሲተው 50 የውድድር ዘመን አሠልጥኖ 1,239 ጨዋታ አሸንፎ ነበር።

ተማሪው መምህር ሲሆን

ስኬትስን የተካው ጆን ስፐሮ የቀድሞ ተማሪው ነው። በ1993 እና በ1995 በተጫዋችነት ከዩሲኤልኤ ጋር ዋንጫ አንሥቷል። ሆኖም ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ድል አልተከተለውም፤ ቡድኑ ከ2006 በኋላ ሌላ ዋንጫ ያየው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2023 ሃዋይን ሲያሸንፍ ነው። በ2024ም ሎንግ ቢች ስቴትን በሜዳው አሸንፎ የዋንጫውን ቁጥር 21 አደረሰ።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ ቡድኑን ያቆየው አንድ ኮከብ ወይም ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ትምህርት ነው። ስኬትስ ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት መጣ፤ ስፐሮም ከእርሱ ተማረ። ለእኛም ትምህርት ቤት ነገሩ ያው ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሰርቭ አደራረጉን ለ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳያስተምር ከተመረቀ ዕውቀቱን ይዞት ሄደ ማለት ነው። አስተምሮ ከሄደ ግን ቡድኑ ለሚቀጥለው ዓመት ተጫዋች አለው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የድሮው የነጥብ አቆጣጠር ከዛሬው በምን ይለያል? የትኛው ጨዋታውን ያረዝመዋል? ለምን?
2. የሳን ዲዬጎ ስቴት ቡድን ታሪክ ስለ ድልና ስለ መኖር ምን ያስተምረናል?
3. ላስሎ ለልጁ ያወረሰውን አስቡ። እናንተስ ከወላጆቻችሁ አገር የመጣ ምን ዕውቀት በቤታችሁ አለ?
4. ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን ቡድን ተመርቀው የሚሄዱት እነማን ናቸው? ከመሄዳቸው በፊት ምን ሊያስተምሯችሁ ይችላሉ?