ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ከልብ ሕመም በማገገም ላይ ያሉ አረጋውያን

መመሪያ፦ የሚከተለውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙትን ቃላት ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ

ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርስ ሥር በድንገት ሲዘጋ የጡንቻው ከፊል ይጎዳል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሐኪሞች የተጎዳው ልብ እስኪሽር ድረስ ሕመምተኛው ለብዙ ሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሣ ያዝዙ ነበር። ዕረፍቱ ግን የራሱን ጉዳት አስከተለ። ለረጅም ጊዜ በተኛ ሰው እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ስለሚችል፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ የሚገድልበት ጊዜ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች 81 ሕሙማንን ከአልጋ አንሥተው በወንበር ላይ በማስቀመጥ ያገኙትን መልካም ውጤት አሳተሙ። በ1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በ64 ዓመታቸው በዚሁ ሕመም ተያዙ። ከሐኪሞቻቸው አንዱ የነበሩት ፖል ዳድሊ ኋይት ሕመምተኛ ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴ መመለስ አለበት ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ በ1956 ዳግመኛ ተመረጡ፤ እስከ 1969ም በሕይወት ቆዩ።

ልብ ቢሽርም አካል ሊደክም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው የአረጋውያንን አቅመ ደካማነት በአምስት ምልክቶች ለይተው አሳዩ። እነርሱም ሳያስቡት መክሳት፣ የማያቋርጥ ድካም፣ የጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የታዩበት ሰው አቅመ ደካማ ይባላል።

በየቤታችን «እማማ፣ አይነሡ፤ እኛ አለንልዎ» ማለት የተለመደ ነው። ንግግሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ውጤቱ ሊጎዳ ይችላል። ሰውየው ስለማይንቀሳቀስ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ስለሟሸሸ መራመድ ያደክመዋል፤ መራመድ ስላደከመው ደግሞ ይበልጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ሐኪም ሲፈቅድ ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለትንና በግቢ ውስጥ አጭር ጉዞን በየቀኑ ማለማመድ፣ መጠኑንም ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል። ጡንቻ ያለ ገንቢ ምግብ ስለማይጠነክር እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ በጾምም ወቅት ምስርና ሽሮ፣ ጨው ሳይበዛባቸው ይቅረቡ። አንዳንድ የልብ መድኃኒቶች የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ አረጋዊው ከአልጋ ሲነሣ አስቀድሞ ጥቂት ቁጭ ይበል፤ አለዚያ ዞሮበት ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቱን ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካሰመጠው እንቅስቃሴውን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ለ. ሰዋስው፦ «ስለ»

«ስለ» ከስም በፊት ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚነገርበትን ጉዳይ ያመለክታል።
ምሳሌ፦ ስለ ልብ ሕመም ተማርን።
ከግሥ ጋር ሲጣመር ግን ምክንያትን ይገልጻል።
ምሳሌ፦ ጡንቻው ስለሟሸሸ መራመድ ያደክመዋል።
በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የጡንቻው መሟሸሽ ምክንያት፣ የመራመዱ ማድከም ውጤት ነው። «ስለዚህ» ደግሞ ቀደም ብሎ ከተነገረው ምክንያት ተነሥቶ ውጤቱን ያስከትላል።

ሐ. መልመጃ

1. የረጅም ጊዜ መኝታ ምን ጉዳት ያስከትል ነበር?
2. የቤተ ሰብ ፍቅር አረጋዊን ሊጎዳ የሚችለው እንዴት ነው?
3. ከምንባቡ ውስጥ «ስለ» ምክንያትን የሚገልጽባቸውን አራት ቦታዎች አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለዩ።
4. «በቂ ምግብ አልበሉም። አቅማቸው ደከመ።» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በ«ስለ» አያይዛችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጉ።

መ. ድርሰት

አያታችሁ ከልብ ሕመም አገግመው ከሐኪም ቤት ወጥተዋል እንበል። በቤት ለሚያስታምማቸው ዘመድ በሦስት አንቀጽ ደብዳቤ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የመኝታን ጉዳት፣ በሁለተኛው የሚደረገውን እንክብካቤ፣ በመጨረሻው ወዲያውኑ ሐኪም የሚያሻቸውን ምልክቶች ግለጹ። ለምትሰጡት ምክር ሁሉ ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉ፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ምክር በቀላሉ ይዘነጋልና።