የሕፃናትን እድገት በማየትና በመሞከር ስለ ማጥናት

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ተረቱ ስለ ራት የተነገረ እንደ ሆነ እውነት ነው፤ ለጥናት ግን ይበቃል፤ ይተርፋልም። አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ዕቃ ዕቃ ሲጫወት ጭቃ አቡክቶ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ጠፍጥፎ፣ «ቆጮ ነው፣ ብሉ» እያለ ለጓደኞቹ ሲያድል አጠገቡ ተቀምጦ የተመለከተ ተማሪ ከብዙ ገጽ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። ጭቃውን ቆጮ ማለቱ አንዱን ነገር በሌላው መስሎ ማሰብ መጀመሩን ያሳያል። አጠፋጠፉ የጣቶቹን ብልኀት፣ አስተዳደሉ ደግሞ ከሰው ጋር መኖርን ምን ያህል እንደ ተማረ ይገልጣል።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን የእድገት ደረጃዎችን ከነስማቸውና ከነዕድሜያቸው በቃላችን እንይዛለን፤ በፈተና ወረቀት ላይ እናፈስሳቸዋለን፤ ከዚያም እንረሳቸዋለን። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ በዜሮ ክፍልና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ይሆናሉ። ሕፃን ሳያይ ስለ ሕፃን የተማረ ሰው በሕፃን ላይ ሲፈርድ ተጐጂው ሕፃኑ ነው። ጤነኛው ልጅ «ዘገምተኛ» የሚል ስም ይወጣለታል። ጆሮው የማይሰማለት ልጅ ደግሞ «ጨዋ ነው፣ ዝምተኛ ነው» ተብሎ እየታለፈ ቋንቋ የሚማርበት ዘመን ያመልጠዋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ምሳሌ እየወሰደ፣ ተማሪ የሕፃናትን እድገት በገዛ ዓይኑና በገዛ እጁ እንዴት ሊያጠና እንደሚችል ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሊቃውንቱ ራሳቸው ከየት ተማሩ?

ስማቸውን በቃል የምንይዛቸው ሊቃውንት ትምህርታቸውን ያገኙት ከሕፃናት ነው። ስዊሳዊው ዣን ፒያዤ (1896–1980) ሦስት ልጆቹን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ እየተመለከተ በማስታወሻ ይጽፍ ነበር። አንድ መጫወቻ በጨርቅ ይሸፍንና ሕፃኑ ይፈልገው እንደ ሆነ ወይም እንደ ጠፋ ቈጥሮ ይተወው እንደ ሆነ ይጠብቃል። ሕፃን ከዓይኑ የተሰወረ ነገር አሁንም እንዳለ የሚያውቀው ከመቼ ጀምሮ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የፈለገው በዚህ ቀላል ሙከራ ነው።

ሜሪ ኤንስወርዝም በ1954 እና በ1955 በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ በሚገኙ መንደሮች 26 እናቶችን ከሕፃኖቻቸው ጋር አጥንታለች። በየሁለት ሳምንቱ እቤታቸው እየሄደች ሁለት ሰዓት ያህል ትቀመጥ ነበር። በ1967 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ገለጠችው፣ ሕፃኑ እናቱን መነሻ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ሲፈራም ወደርስዋ ይመለሳል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የእናትና የልጅ ትስስር ትምህርት ከመሠረቶቹ አንዱ የተጣለው በአፍሪካ መንደር ውስጥ ነው ማለት ነው።

2. ቡታጅራ ምን አስተማረች?

ይህን የመሰለው ጥናት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1980ዎቹ አጋማሽ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም አቋቋመ። 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ሕዝቡ በ1987 ከተቈጠረ በኋላ፣ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን ይጽፉ ጀመር። ሥራው ለዓይን የማይሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕፃናት በስንት ዓመታቸውና በምን ምክንያት እንደሚሞቱ ሊታወቅ የቻለው በእንዲህ ያለው ትዕግሥት ነው።

በ2005 እና በ2006 ደግሞ በዚሁ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶች በጥናት ውስጥ ገቡ፤ ከወለዱም በኋላ ልጆቻቸው በክትትል ተያዙ። የጥናቱ ዋና ጥያቄ የእናቲቱ የመንፈስ ጭንቀት በልጁ ጤንነትና እድገት ላይ ምን ያመጣል የሚል ነበር። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ እድገት ማለት ለውጥ ነውና አንድ ቀን ብቻ በማየት አይታወቅም፤ ያንኑ ልጅ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ልጅን ከእናቱና ከቤቱ ለይቶ ማጥናት አይቻልም።

3. መለኪያው የአገሩን ልጅ ይወቅ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው ጥናት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናት ተመርምረው ነበር። ሕፃኑ ያለ ድጋፍ የሚቀመጠው ከ3.8 እስከ 9.2 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ብቻውን የሚራመደው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከመቶ አራት የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ቀጥታ ወደ መሄድ አልፈዋል። እንግዲህ «ልጅ በዓመቱ ይሄዳል» የሚለው አንድ ቊጥር ጤነኞቹን ሁሉ የሚያቅፍ አይደለም።

ከዚህም በላይ የአስተዳደግ ልማድ ራሱ እድገትን ይለውጣል። ቻርልስ ሱፐር በ1976 ስለ ኬንያ ኪፕሲጊስ ሕፃናት እንደ ጻፈው፣ እናቶች መቀመጥንና መራመድን ሆነ ብለው ስለሚያስተምሩ ልጆቹ በእነዚህ ከአሜሪካ ልጆች አንድ ወር ያህል ይቀድማሉ፤ ማንም በማያስተምራቸው በመዳህ ግን አይቀድሙም።

በፈረንጅ አገር የተሠራ መለኪያ ወደ እኛ ሲመጣም ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። ዴንቨር የሚባለው መመርመሪያ 125 ጥያቄዎች አሉት፤ ከነዚህም አንዱ በማንኪያና በሹካ መብላትን የሚመለከት ነው። ቆጮውን በጣቱ ቈርሶ ጎመኑን ሳያፈስ የሚጠቀልል ልጅ ሹካ ባለማወቁ ዘገምተኛ ሊባል ነውን? ወልቂጤ በምትገኝበት መንገድ ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ በሚደረስባት በጅማ፣ ተመራማሪዎች ይህን መመርመሪያ ለአገሩ ሕፃናት እንዲስማማ አድርገው ውጤቱን በ2016 አሳትመዋል። ቤይሊ የሚባለው ሌላው መለኪያም እንደዚሁ በኢትዮጵያ ተስተካክሎና ተፈትኖ በዚያው ዓመት በጽሑፍ ወጥቷል።

4. ተማሪው እንዴት ይሥራ?

ለዚህ ሥራ ደብተርና እርሳስ፣ ከሁሉ በላይም ትዕግሥት ይበቃል። አካሄዱ የሚከተለው ነው።

ሀ/ ዕድሜውን ማወቅ። የልደት ወረቀት ከሌለ ቀኑን በበዓል ማግኘት ይቻላል። «ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ በጉራጌ አገር ጥሩ መነሻ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ከያለበት የሚሰበሰብበት በዓል ስለ ሆነ እናት አትረሳውም። መስቀል መስከረም 17 ቀን የጸና ነው። አረፋ ግን በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማልና የዚያን ዓመት ቀን ማጣራት ይገባል። ጳጉሜን እንደ አንድ ወር መቍጠርም ስሕተት ያመጣል። ባለፈው ዓመት ኅዳር 10 ቀን የተወለደ ልጅ ዘንድሮ ታኅሣሥ 5 ቀን 12 ወር ከ25 ቀን ይሆነዋል እንጂ 13 ወር ከ25 ቀን አይሆነውም። ይህ ልጅ ገና ባይሄድም ከላይ እንዳየነው የሚያሠጋ አይደለም።

ለ/ ያዩትን ብቻ መጻፍ። «ሰነፍ ነው» ወይም «ብልኅ ነው» ብሎ መጻፍ ፍርድ ነው። «ሲኒውን በሁለት እጁ አነሣ፤ ወደ አፉ ወሰደ፤ እናቱን አየ፤ ሣቀ» ማለት ግን ማስረጃ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይናገሩ መቀመጥና ሰዓቱን በኅዳጉ ማስፈር ይገባል። ገጹን በአራት ዐምድ መክፈል ይረዳል፤ ይኸውም መላ ሰውነት፣ ጣቶች፣ ንግግር፣ ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት።

ሐ/ በቤቱ ዕቃ መሞከር። ለስምንትና ለዘጠኝ ወር ሕፃን እያየ ሲኒ በነጠላ ሸፍኖ ይፈልገው እንደ ሆነ መጠበቅ ነው። ለአምስትና ለስምንት ዓመት ልጆች ደግሞ በሁለት እኩል ሲኒ እኩል ውሃ ቀድቶ ያንዱን ወደ ቀጭን ጠርሙስ መገልበጥና «የቱ ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ትንሹ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የታየውን ይመርጣል፤ ትልቁ «ያው ነው» ይላል። ዋናው መልስ ግን «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው ነው። ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ መጠየቅም አይገባም። ትልቅ ሰው ደግሞ ሲጠይቀው የፊተኛው መልሱ የተሳሳተ መስሎት የሚለውጥ ልጅ አለና።

መ/ ሁሉንም ቋንቋዎች መቍጠር። የወልቂጤ ልጅ ከአያቱ ጋር ቸሃ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር አማርኛ ሊናገር ይችላል። በቡታጅራም ክስታንኛ፣ መስቃንኛና ስልጥኛ ይሰማል። የአማርኛውን ቃል ብቻ የሚቈጥር ተመልካች የልጁን ሀብት ግማሹን ጥሎ «ንግግሩ ዘገየ» ይላል። ቋንቋውን የማያውቅ ተማሪ ከሚያውቅ ጓደኛው ጋር ይሥራ።

5. ለቤተ ሰቡ ያለብን ግዴታ

ሕፃን ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህ እናቱና አባቱ ዓላማው ተነግሯቸው ወደው ሊቀበሉን ያስፈልጋል። በማናቸውም ጊዜ «ይብቃ» ቢሉ ይበቃል። በደብተሩ የልጁ ስም አይጻፍም፤ ፊደል ወይም ቊጥር ይተካዋል። ልጁ ካለቀሰ ሙከራው ያቆማል።

ከዚህም ጋር ተማሪ ሐኪም አለመሆኑን አይርሳ። «ልጅሽ ችግር አለበት» ብሎ ለእናት መናገር የኛ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ በ18 ወሩ የማይሄድ፣ ወይም አስቀድሞ ይናገር የነበረውን የተወ ልጅ ሲያጋጥም ዝም ማለትም በደል ነው። ቤተ ሰቡ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለጤና ጣቢያው እንዲያሳዩት ለመምህራችን አስታውቀን በትሕትና መምከር ይገባናል። ጥናታችን ለአንድ ልጅ እንኳ በጊዜ ከረዳ ደብተሩ በከንቱ አልተሞላም።

በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በቡታጅራም የብዙ ዓመት የጥናት ልምድ አለ። ከሁለቱ ከተሞች የመጡ ተማሪዎችም በየግቢው አሉ፤ በእረፍት ጊዜ ወደ ወላጆቻቸው ሲመለሱ ታናናሽ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው በደጅ ይቀበሉአቸዋል። እያንዳንዳችን በአንድ ክረምት አንድን ልጅ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ብንመለከትና በመስከረም ደብተሮቻችንን በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ ብናስተያይ፣ በመጽሐፉ ያለው ከየትኛው ጎጆ ጋር እንደሚስማማና ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ ለመነጋገር የሚበቃ ነገር በእጃችን ይኖራል። መጽሐፉንም ያን ጊዜ ስናነበው ከፈተና የሚበልጥ ጥያቄ ይዘን እናነበዋለን።

ከአንድ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ