ፈትሉን አትሽጪ

እሙ፣ ያን ሁሉ ፈትል ለነጋዴ ልትሰጪው ነው? ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ስሚኝ።

አንቺ ያለሽበት ሞጣም ሆነ እኔ የተዳርኩበት ብቸና፣ የሴቷ ድካም ቀልጦ የሚቀረው እዚች ላይ ነው። ጥጡን ገዝተሽ፣ ፍሬውን በመዳመጫ አውጥተሽ፣ በደጋን ነድፈሽ፣ ባዘቶውን ይዘሽ ስታሾሪ ከርመሽ፣ ነጋዴው በሚዛን ይወስደዋል። ትርፉ ያለው ግን ጋቢው ላይ ነው። ማጉን ያዢ፣ ድር ግዢ፣ ለሸማኔ የእጁን ክፈይና ጋቢውን ራስሽ ሽጪ። አያቶቻችን ድሩንም ይፈትሉ ነበር። በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ እንደተሠራው እንደ ባሕር ዳሩ ያሉ ፋብሪካዎች ይሄን አቅልለውልናል። የጋቢው ልስላሴ ግን ዛሬም ካንቺ እጅ ነው።

እጅሽን ሳየው ደግሞ ትቸኩያለሽ። ይኸው እዚህ ጋ ወፍሯል፣ እዚህ ጋ ሳስቷል። ሸማኔው ወዲያው ያውቅብሻል። አንቺም እወቂበት፤ ድርና ማጉን መዝነሽ ስጪው፣ ጋቢውንም መዝነሽ ተቀበይ። ወደ ብርሃን ዘርግተሽ እዪው፣ ማግ የተቆጠበበት ወንፊት ይመስላል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ገዥ የሚገኘው ለጥምቀት፣ ለጥር ሰርግና ለፋሲካ ነው። ክረምቱን ፍተዪ፣ በጥቅምት ሸማኔ ዘንድ አድርሺ፤ ታኅሣሥ ላይ ወረፋ አይደርስሽም። የሞጣ ዋጋ ካላረካሽ በአዴት በኩል ባሕር ዳር አለልሽ። ዱቤ ግን ለዘመድም አትስጪ። (አክስታችን ትቀየማለች። ትቀየም።)

መነሻ ካጠረሽ እቁብ ይሻላል። በቡድን መበደርም አለ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው አብቁተ ያስለመደን። ዋስ የምትሆኛትን ግን መርጠሽ ያዢ፤ አንዷ ስትጠፋ ዕዳው ለቀሩት ነው።

ሸማኔው ቢያጉላላኝስ አልሽ? መወርወሪያውን ራስሽ ያዢዋ! ሴት አትሸምንም ያለው ልማድ ነው። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት አውራ አምባ፣ ፎገራ ውስጥ፣ ሴቶቹ ይሸምናሉ፣ ወንዶቹም ይፈትላሉ። ከባሕር ዳር ብዙም አይርቅም። ከፈለግሽ አብረን ሄደን እናያለን፤ የመኪናውን እኔ እችላለሁ።